ሰቃ መንገድ ላይ ጭቃ የያዘን አርብ

ሰላም ወገኖች፣ ከሲያትል ጅማ ለሚሽን ስለሄድንበት ጉዞ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር፣ ሁሉንም ልጽፍ ብል አያልቅም፣ ያቺን አርብ ቀን ብቻ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ይዘነው የሄድነው ነገር ምን እንደሆነ ልናገር። ቲማችን እንደተለመደው ልብስ ሊሰበስብ ነበር፣ ፓስተራችን ግን እስቲ እዛ ያሉትን ልጠይቅ ብሎ ጅማ ላለችው ቤተክርስቲያን ደወለ፣ እዛ የምታገለግል ነርስ እህታችን "ልብስ ይቅር፣ እናቶቻችን መርፌ ማየት አቅቷቸዋል፣ መነጽር አምጡልን" አለችው፣ በቃ በዛው ተወሰነ። ሰው 40 ዓመት ካለፈው በኋላ የዓይኑ ሌንስ እየጠጠረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዝበታል፣ እኛ ጋር ፋርማሲ ገብተህ ከመደርደሪያ አንስተህ ከፍለህ የምትወጣው ነገር ነው፣ ገጠር ላለች እናት ግን ቡና መልቀም፣ ምስር መልቀም፣ የተቀደደ መስፋት ሁሉ ቀረባት ማለት ነው እኮ።

ጊዜው ክረምት ነው። እኔ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው ያደግኩት፣ የሐምሌን ዝናብ አውቀዋለሁ፣ እንደዛን ቀን ግን አይቼ አላውቅም። ከከተማ ሰቃ ጨቆርሳ በቦንጋ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱ ችግር የለውም፣ ከዛ ወደ ቀበሌው የሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ ነው ጉዱ፣ ትንሿን ወንዝ ልንሻገር ስንል ላንድክሩዘሩ ሰመጠ። ጎማው ይሽከረከራል እንጂ ንቅንቅ የለም፣ ቀዩ ጭቃ እየተረጨ መስታወቱን ሸፈነው፣ ሹፌራችን ወርዶ ድንጋይ እየለቀመ ከጎማው ስር ይከታል፣ ውሃው ደግሞ እየጨመረ ነው፣ መነጽሮቹ ኋላ በካርቶን ናቸው። እዛው መኪና ውስጥ ጸለይን፣ ጌታ ሆይ ካመጣኸን አሻግረን ብለን፣ እኔ እንደዛ አጥብቄ ከጸለይኩ ቆይቻለሁ።

ስንጠብቅ አብሮን የነበረው የጅማው ወንጌላዊ አንድ ታሪክ አጫወተን። በፈረንጅ 1928 ዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመሯቸው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች በበቅሎ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ያሰቡት ጅማ ለመድረስ ነበር፣ ጅማ ሳይደርሱ ሆሳዕና እና ወላይታ ሶዶ ቀሩ። ጣልያን በፈረንጅ 1937 ሲያስወጣቸው ወላይታ ላይ የተጠመቁት 48 ሰዎች ብቻ ነበሩ አሉ፣ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰው ሲመጡ አማኙ 10 ሺህ ገደማ ደርሶ ጠበቃቸው፣ ስራውን የሰሩት እንግዲህ የአገሬው ሰዎች ናቸው፣ እየታሰሩ እየተገረፉ። ይሄን ጭቃ ውስጥ ተቀምጬ ስሰማ ሰውነቴን ወረረኝ።

ከዛ ነጭ በነጭ የለበሱ ልጆች መጡ፣ ጁምዓ ሊሰግዱ እየሄዱ ነው። ማንም ሳይለምናቸው ጀለቢያቸውን ሰብስበው ገቡበት፣ ገመድ አሰሩ፣ ቅርንጫፍ ቆርጠው ከጎማ ስር አነጠፉ፣ አንድ አባት ደግሞ በቅሏቸውን አምጥተው ካርቶኖቹን አሻገሩልን። "አባባ ሰላት ሊያመልጣችሁ ነው እኮ፣ ሂዱ በቃ" ስላቸው "ልጄ፣ አላህ ያያል" አሉኝና ገመዱን ያዙ። መኪናው ሲወጣ ሁሉም በጭቃ ተለውሰዋል፣ ወንዙ ዳር ታጥበው ወደ መስጊዳቸው ሄዱ። የጸለይነውን ጸሎት ጌታ በማን እጅ እንደመለሰው እኔ አይቻለሁ፣ ስሙ ይባረክ።

ጤና ኬላው ግቢ ስንደርስ ሰው ሞልቷል። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ዓይን የሚመረመርበት የፊደል ሰሌዳ አይሰራም፣ ነርሷ መርፌና ክር ትሰጣለች፣ በመነጽሩ ክሩን ካስገቡ አለቀ። አንዲት እናት ወረንጦ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፣ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየዞረ ዓይናቸውን ስለሚወጋቸው በሱ ነው የሚነቅሉት፣ ይሄ የትራኮማ ጠባሳ ነው፣ መነጽር ምንም አያደርግላቸውም፣ ነርሷ ለቀዶ ጥገና ሪፈር ጻፈችላቸው፣ የሚወስዳቸውንም ልጅ እዛው አስጠርታ አናገረችው። ቀጥለው የመጡት እማማ ግን ቁጥሩ ፕላስ 2.50 የሆነ መነጽር ሲያደርጉ ክሩ ባንዴ ገባላቸው። ዝም አሉ። ከዛ አጠገባቸው የነበረውን የጥሬ ቡና ሰፌድ ስበው በጣታቸው በተን በተን አደረጉና ከመሀል አንዲት ጠጠር አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፣ ሳቁ። ወዲያው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በኦሮምኛ ዱኣ ያደርጉልን ጀመር፣ ግቢው በሙሉ አሚን ይላል፣ ፓስተራችንም አሚን፣ እኔም እንባዬ እየወረደ አሚን አልኩ።

ከሰዓት ላይ ፕላስ 2.50 አለቀብን። ነርሷ የቀሩትን በደብተሯ ስማቸውንና ቁጥራቸውን ጻፈች፣ የየትኛው ቤት እንደሆኑ ታውቃለች፣ እኛ ስንሄድም እሷ እዛው ነች፣ ለዛ ነው ሚሽን የምትሄዱ ሁሉ በመጀመሪያ እንደሷ ያለውን ሰው ፈልጉና ጠይቁ የምለው፣ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱ እሷ ትንገራችሁ።

ዝርዝሩን በቴሌግራም ልካልኛለች። በብዛት የሚፈለገው ፕላስ 2.50 እና ፕላስ 3 ነው፣ አዲስ መሆን አለበት፣ የተጫረ አንወስድም። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ እሁድ ከቸርች በኋላ አግኙኝ፣ ሌላ ስቴት ያላችሁ ደግሞ ጅማ የሚሄድ ሰው ካለ ንገሩኝ፣ በሻንጣ ጥግ ይገባል።