ወገብ ያለው ዘንግ

ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው። ጥርሴን ስቦርሽ ትዝ ይለኛል፣ ስብሰባ ላይ ትዝ ይለኛል፣ ሌሊት እንቅልፍ ሊወስደኝ ሸለብ ሲያደርገኝ ደግሞ ከየት መጣ ሳይባል "ጷ!" ይላል። ስለ "ጷ" እመለስበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ፓይክ ለሚባለው ጥርሳም ዓሣ የሚሆን የስፒኒንግ፣ ማለትም እየወረወሩ የሚስቡበት፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በገዛ እጄ ካልሠራሁ ብዬ ነው። ማን አስገደደህ? ማንም። የነበረኝ ዘንግ ልፍስፍስ ነበር። 70 ግራም ማባበያ (መንጠቆ የተሰካበት የውሸት ዓሣ) ስወረውርበት ወደ ኋላ ይተኛና ሐሳቡን እስኪሰበስብ ማባበያው እፊቴ ጠብ ይላል። ዓሣው ሲነክስም ያው ነው። የፓይክ አፍ አጥንትና ጥርስ ስለሆነ መንጠቆው በኃይል ካልተነዳ አይሰካም። እኔ ስስብ ዘንጉ እጅ ይነሣል፣ ዓሣው ማባበያውን ሲያላምጥ ቆይቶ ሲሰለቸው ይተፋዋል። ሦስት ጊዜ እግሬ ሥር ድረስ መጥቶ ተፍቶብኝ ሄዷል። ከአንዱ ጋርማ ዓይን ለዓይን ተያይተናል።

ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ። ወር ሙሉ፣ ሌሊት ሌሊት። ካርቦን ቀላልና ንቁ ነው፣ ግን ድንጋይ ላይ ከመቱት ቂም ይይዛል፤ ፋይበርግላስ ከባድና ዘገምተኛ ነው፣ ግን ሆደ ሰፊ ነው። ከጀልባ ላይ አጠር ያለ፣ ከዳር ቆሞ ለሚወረውር 2.4 ሜትርና ከዚያም በላይ። አንድ ትልቅ መንጠቆ ለተሰካበት የላስቲክ ዓሣ ጫፉ ብቻ የሚታጠፍ "ፈጣን" የሚባል ብላንክ (እጀታና ቀለበት ያልተገጠመለት ባዶ ዘንግ)፤ ባለ ሦስት መንጠቆ ለሚንጠለጠልባቸው ማባበያዎች ግን ትንሽ ጎንበስ የሚል፤ ምክንያቱም ጉንጉን ክር አይለጠጥም፣ በዚያ ላይ ዘንጉም ድርቅ ካለ ዓሣው እግር ሥር ራሱን ሲያወዛውዝ መንጠቆው ተነቅሎ ይወጣል። ይህን ሁሉ በቃሌ ያዝኩ። መዘዙም ከዚያ ነው የመጣው።

ቆይ፣ መንገዴን ትቼ አንድ ብሶት ላውጣ። ብላንክ የሚያመርቱ ሰዎች ሁሉም "ፈጣን" ብለው ነው የሚጽፉት። ፈጣን፣ በጣም ፈጣን፣ እጅግ በጣም ፈጣን። የሁሉንም ልክ የሚወስን አንድ የጋራ መለኪያ ስለሌለ የአንዱ ፈጣን ለሌላው እንቅልፋም ነው። ክብደቱም እንደዚያው። አንዱ በግራም ይጽፋል፣ አንዱ በአውንስ። አንዱ ላይ "ከ1 እስከ 3" የሚል አይቼ "ይሄ ለትንኝ ነው?" ብዬ አልፌዋለሁ፤ ለካ አውንስ ነው፣ 3 አውንስ ማለት 85 ግራም፣ ስፈልገው የነበረው ራሱ! ካርፕ ለሚባለው ዓሣ ዘንግ የሚሠሩት ደግሞ ይባስ ብለው "3 ፓውንድ" ይላሉ፤ የሚወረወረውን ሳይሆን ጫፉን ዘጠና ዲግሪ የሚያጥፈውን ጭነት ማለታቸው ነው። ሰው ስትጠይቅ መልሱ "እንደ ፍላጎትህ ነው"። ፍላጎቴማ ዓሣ መያዝ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል?

እንግዲህ እንዲህ በሽቄና በእውቀት ተወጥሬ ነው ሱቁ የገባሁት።

ባለ ሱቁ ራሳቸው ዘንግ ሲሠሩ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነው። አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ከእናቱ ጋር ማባበያ ይመርጣል። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ብላንክ ተጋድሟል። "ላየው ጋሼ?" ብዬ ሳልፈቀድ አነሣሁት። አጠር አለብኝ። ግን ወዲያው "ከጀልባ ላይ አጠር ያለ" የሚለው ትዝ አለኝና አጭርነቱን እንደ ሙያ ቆጠርኩለት። እውቀት እንዲህ ያሳውራል።

ወዘወዝኩት። ንቅንቅ አይልም።

"ጋሼ፣ ይሄ ወገብ አለው!"

ዝም።

"ፈጣን ነው። እጅግ ፈጣን። ጫፉ ራሱ አይበገርም። ይሄ 80 ግራም እንደ ላባ ነው የሚወረውረው።" እዚህ ላይ ብተው ምን ነበረበት? ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እኔ ግን ወደ ልጁ ዞሬ "አየህ ማሙሽ፣ የፓይክ ዘንግ ማለት እንዲህ ነው" አልኩት።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች። እሷ እንኳን ያጠበችው ቤቷ ውስጥ ነው።

"ጨረስክ ልጄ?" አሉኝ ጋሼ። በትሕትና ነው ያሉኝ። አዎ ስላቸው ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ረጅም ቱቦ አወጡ፣ ጉልበታቸው መሀል አስገቡት፣ የላስቲክ ክዳኑን ያዙና...

ጷ!

ከውስጡ ሌላኛውን ግማሽ ሳብ አድርገው አወጡ። የላይኛውን ግማሽ። ጫፍ ያለውን። እኔ ከያዝኩት ላይ ሰኩና "እንግዲህ አሁን ወዝውዘው" አሉኝ።

ይህ ድምፅ ተራ ድምፅ አይደለም። ቴርሞስ ሲከፈት አለ። ሻምፑ ውስጥ አለ። ሐሙስ ዕለት ቢሮ ውስጥ አንዷ ባልደረባዬ የማርከር ክዳን ስትነቅል "አውቃለሁ ጋሼ!" ብዬ ተነሥቻለሁ፤ ሥራ አስኪያጁ እስካሁን ምን እንደማውቅ ይጠብቃል። የእህቴ ሕፃን አውራ ጣቱን ከአፉ ሲያወጣ ራሱ ይላታል፤ ከዚያ ልጅ ጋር ከርሞ ወዳጅ አንሆንም። ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ክዳኑ ጠምዘዝ ተደርጎ ቀስ ብሎ ከተነቀለ ድምፅ አያወጣም። ሞክሬዋለሁ። 20 ጊዜ። አንድም ጊዜ ጷ አላለም። እንግዲህ ሆን ብለው ነው ማለት ነው። እኒያ ጨዋ፣ እኒያ ትሑት ሽማግሌ ሆን ብለው!

"እማዬ፣ ሰውዬው ግማሹን ብቻ ነው እንዴ ያየው?" አለ ልጁ። እናቱ ዝም አሰኘችው፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጋሼ ግን አዘኑልኝ፣ እሱ ነው የገደለኝ። መወዝወዝ ዘንጉ ቶሎ መርጋቱን እንጂ ሲጫን የሚያደርገውን አይናገርም ብለው አስረዱኝ። ዶክተር ዊሊያም ሃነማን የሚባሉ ሰው ያወጡት ዘዴ አለ፦ ብላንኩን አግድም አስረህ ጫፉ ላይ ከረጢት ታንጠለጥላለህ፣ ጫፉ የዘንጉን ርዝመት አንድ ሦስተኛ ያህል እስኪወርድ የአሜሪካ ባለ አንድ ሴንት ሳንቲም ትጨምራለህ። እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ የተመታው እያንዳንዱ 2.5 ግራም ነው፤ ቆጥረህ አንዱን ብላንክ ከሌላው ታወዳድራለህ፣ የአምራቹን ወሬ ሳትሰማ። ሳንቲሙን እኔ ቆጠርኩ፣ ልጁ ሲያርመኝ። ብላንኩ ከላይ ሲሶው ተጠማዘዘና ከዚያ በታች ቀጥ ብሎ ቆመ። ፈጣን ነው።

"ወገቡ እኮ ታች ነው፤ አልተሳሳትክም" አሉኝ ቀስ ብለው።

ገዛሁት። ምን ላድርግ፣ ሳልገዛ በየትኛው እግሬ ልውጣ? ጋሼ ለያይተው ጫፉን ቱቦው ውስጥ መለሱ፣ ከፈልኩ፣ ቱቦዬን ብብቴ ሥር ወትፌ እንደ ሌባ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ላቤን ጠረግኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ክዳኑን በስሱ ጠምዝዤ ከፈትኩት።

ቱቦው ውስጥ ጫፉ ብቻ ነው ያለው።

ያ ያሞገስኩት፣ ያ ለሕፃን ልጅ ያስተማርኩበት ግማሽ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።

ተመለስኩ። ልጁ አሁንም እዚያው ነው፤ አንድ ማባበያ ለመምረጥ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ጋሼ እንዳዩኝ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱና ታችኛውን ግማሽ በሁለት እጃቸው ይዘው ዘረጉልኝ።

"ልጄ፣ ወገብህን ረስተህ ሄድክ።"