ለመቃወም የጻፍኩት አስተያየት

ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለበት ሰሞን በአገር ቤት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተቋርጦ ነበር። እኔ የምኖረው በውጭ አገር ስለሆነ ፌስቡክ አልተዘጋብኝም። በእነዚያ ቀናት አንድን ሕዝብ በጅምላ የሚወነጅል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ዝምታዬ እንደ ተባባሪነት ስለሚሰማኝ፣ ከሥራ ስመለስ እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ ብዬ ከጽሑፉ ሥር በአስተያየት መስጫው ረጃጅም ማስተባበያ እጽፍ ነበር። እሳት የማጠፋ መስሎኝ ነበር።

በ2021 እ.ኤ.አ. የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን ይዛቸው የወጣቻቸው የውስጥ ሰነዶች ይፋ ሲሆኑ ግን ማስተባበያዬ ምን ሲሠራ እንደከረመ ተረዳሁ። ኩባንያው በ2018 እ.ኤ.አ. ጽሑፎች በየገጻችን የሚደረደሩበትን ቀመር ሲለውጥ፣ ለአንድ ላይክ 1 ነጥብ፣ ለልብ ወይም ለቁጣ ምልክት 5 ነጥብ፣ ዘርዘር ላለ አስተያየት ደግሞ 30 ነጥብ መድቦ ነበር። አስተያየቱ ለምስጋና ይጻፍ ለተቃውሞ፣ ነጥቡ ያው ነበር። እንግዲህ አንዱን የጥላቻ ጽሑፍ «ይህ ሐሰት ነው» ብዬ በሦስት አንቀጽ ስሞግት፣ በዚህ ስሌት ሠላሳ ሰዎች የወደዱትን ያህል ወደ ላይ እየገፋሁት፣ ላላዩትም እንዲደርስ እያገዝኩት ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

የዋልታ ረገጥነት ሥሩ እዚህ ላይ ነው ባይባልም፣ ውኃ የሚጠጣው ከዚህ ይመስለኛል። ነገሩን አመዛዝኖ የሚጽፍ ሰው የሚያመሰግነውም የሚረግመውም ጥቂት ስለሆነ ጽሑፉ ሳይታይ ይቀራል፤ ሆን ብሎ የሚያስቆጣ ግን ደጋፊው ሊያወድሰው፣ ተቃዋሚው ሊሰድበው ስለሚጎርፍ ሁለቱም ያደምቁታል። እየዋለ ሲያድር እያንዳንዱ ወገን ሌላውን የሚያውቀው በጎረቤቱ ወይም በሥራ ባልደረባው ሳይሆን እጅግ አፈ ክፉ በሆነው ተናጋሪ ነው።

በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምርጫ ወቅት ተመራማሪዎች የሰዎችን የፌስቡክ ገጽ ለሦስት ወራት ያለ ቀመሩ፣ በጊዜ ቅደም ተከተል ብቻ ቢያደርጉትም የፖለቲካ አመለካከታቸው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ውጤቱን አከብራለሁ። ሆኖም የእኛ ጭንቀት የአመለካከት መለኪያ ብቻ አይደለም፤ የሰው ስም፣ ፎቶና ሰፈር ተለጥፎ ሲዛመት በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ሃውገን ለአሜሪካ ሴኔት እንደመሰከረችው ደግሞ ጎጂ ጽሑፎችን የሚለየው የኩባንያው የጥበቃ ሥርዓት፣ እሷ ከቆጠረቻቸው ስድስት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያውቀው ሁለቱን ብቻ ነበር።

አሁን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያጋጥመኝ ከሥሩ አንዲት ቃል አልጽፍም። ለኩባንያው ሪፖርት አደርግና ጽሑፉን ያጋሩትን ዘመዶቼን በየተራ እየደወልኩ አነጋግራቸዋለሁ። ባለፈው ወር ለሦስት የአጎቴ ልጆች ደውዬ ነበር፤ ታላቅየው ረጅም ሰዓት ካወራን በኋላ አጠፋው፣ ሁለቱ እስካሁን አላጠፉትም።