መድረክን ያልሸሸው ሐዛን፦ ዮሴሌ ሮዘንብላት

ስለ ምኩራብ ዜማ ሲነሳ ቀድመው ከሚጠሩት ስሞች አንዱ የአይሁድ ጸሎት መሪ (ሐዛን) የነበረው የዮሴሌ ሮዘንብላት ነው። ስለ እርሱ በተጻፈ ቁጥር የሚደጋገመው ታሪክ ግን ኦፔራን እምቢ ማለቱ ብቻ በመሆኑ፣ ሰውየው ከዓለም የሸሸ መናኝ መስሎ ይታያል። እኔን የሚደንቀኝ ሌላ ነው፤ ሮዘንብላት በብዙ መድረኮች ላይ ቆሟል፣ በእያንዳንዱም ላይ እስከ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ወስኗል።

የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882 በዛሬዋ ዩክሬን፣ በቢላ ጼርክቫ ከተማ ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፣ ገና በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረ በየምኩራቡ ይዘምር ነበር። ሐዛን ምእመናንን ወክሎ ጸሎቱን በዜማ የሚመራ ሰው ስለሆነ ድምፁ ማማሩ ብቻውን አይበቃውም፤ የየበዓሉን ዜማ ጠንቅቆ ማወቅና በምግባሩ የተመሰከረለት መሆን ይጠበቅበታል። ሮዘንብላት በሙንካች፣ በፕሬስቡርግና በሃምቡርግ ካገለገለ በኋላ በ1912 ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ በሃርለም የኦሃብ ጼዴቅ ምኩራብ ሐዛን ሆነ።

በ1918 የቺካጎ ኦፔራ መሪ የነበረው ክሌኦፎንቴ ካምፓኒኒ የሙዚቃ ደራሲውን የአሌቪን «አይሁዳዊቷ» የተባለ ኦፔራ እንዲጫወትለት ጠየቀው። የቀረበለት ክፍያ በአንድ ምሽት 1,000 ዶላር ነበር፤ ሰንበትን እንዲያከብርና ጺሙን እንዳይላጭም ተፈቅዶለት ነበር። የእምነቱን ሕግ የሚያስጥስ ነገር ካልነበረ እምቢታው ከምን መጣ? እንደ እኔ ግምት መልሱ ከራሱ ከሚናው ውስጥ ይገኛል። እንዲጫወተው የተጠየቀው ገጸ ባሕርይ፣ አልዓዛር የተባለው ወርቅ አንጥረኛ፣ በሁለተኛው ገቢር ወገኖቹን በድብቅ ሰብስቦ የፋሲካን ማዕድ ጸሎት ይመራል። በእውነተኛው ምኩራብ በሕዝብ ፊት የሚጸልይ ሰው፣ ያንኑ ጸሎት ትኬት ገዝቶ ለገባ ተመልካች እንደ ትወና ማቅረቡ ከብዶት ይሆናል። በኮንሰርት ግን በኒውዮርኩ የካርኔጊ አዳራሽ ሳይቀር ዘምሯል፤ መዝሙሩን በአዳራሽ ማሰማት ለእርሱ ነውር አልነበረም።

ከዚያ የመጣው ፈተና የከፋ ነበር። ለአይሁድ እምነት ይጠቅማል ብሎ ገንዘቡን ያፈሰሰበት ጋዜጣ ከስሮ በ1925 ዕዳ ውስጥ ዘፈቀው። ያን ዕዳ ለመክፈል ሲል አክሮባትና ቀልደኛ በሚፈራረቁበት የቮድቪል መድረክ ላይ፣ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ መዘመር ጀመረ፤ ዓርብ ማታና ቅዳሜ ግን አይዘምርም ነበር። ያን ዘመን እንደ ውድቀት የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ ግን የሰው ገንዘብ ላለማስቀረት የተከፈለውን ያን ድካም ከኦፔራው እምቢታ አሳንሼ ማየት አይሆንልኝም።

በ1927 የዋርነር ብራዘርስ ኩባንያ «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ድንበሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። በስርየት ቀን ዋዜማ የሚዜመውን ኮል ኒድሬን ለፊልሙ እንዲዘምር ሲጠየቅ አልተቀበለም። ይልቁንም በፊልሙ ውስጥ ራሱን ሆኖ፣ በኮንሰርት መድረክ ላይ ቆሞ፣ የምኩራብ ጸሎት ያልሆነ የይዲሽ መዝሙር አሰማ። ፊልም ለመሥራት ፈቃደኛ ነበር፤ ኮል ኒድሬ ግን ጸሎት ነው።

ሰኔ 19 ቀን 1933 ለሌላ ፊልም ቀረጻ በሄደበት በኢየሩሳሌም በልብ ድካም ሲሞት ዕድሜው 51 ነበር፤ የተቀበረውም በደብረ ዘይት ተራራ ላይ ነው።

በሸክላ የቀረጻቸው ዜማዎች ዛሬም በቀላሉ ይገኛሉ። የድሮ ሸክላ አንድ ገጽ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ስለማይይዝ፣ በምኩራብ ሊራዘም የሚችለው ጸሎት ተጨምቆ ይሰማል። ከደረት የሚወጣው ወፍራም ድምፅ ሳይሰበር ወደ ቀጭኑ ሲሻገር፣ ከዚያም በቃሉ መካከል የልቅሶ ሳግ ሲገባበት፣ ሳጉ የሚመጣው ትርጉሙ በሚጠይቀው ቦታ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ለጀማሪ አድማጭ የምመክረው «ኤሎሃይ አድ ሼሎ ኖጻርቲ» የተባለውን የስርየት ቀን ጸሎት ነው። ሰው በሕይወቱ ሳለ ትቢያ እንደሆነ፣ በሞቱማ ይልቁንም እንደሚሆን የሚናዘዝበት ስለሆነ፣ ትርጉሙን አስቀድሞ አንብቦ ማዳመጥ ይበጃል።