በሌሊት የቀሰቀሰኝ አምላክ ይመስገን

ወገኖቼ፣ ይህን ስጽፍ እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ግን ሳልመሰክር ዝም ማለት አልቻልኩም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እግዚአብሔርን አኩርፌው ነበር። ታናሽ ወንድሜ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቶ ሲማር፣ የዚያን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ከሰል አስገብቶ በሩን ዘግቶ ተኛ፤ በዚያው ቀረ። ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤቶች ነበሩት። «አንዱን እንኳ መቀስቀስ አቅቶህ ነው?» አልኩት ፈጣሪን፣ እየጮህኩ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልፍ እንኳ አልሳለምም ነበር። ዘንድሮ እናቴ ለምና ለምና ፍልሰታን አስጀመረችኝ።

አዲስ አበባ ዝናቡ ሲወርድ ውሎ መብራትም ጠፍቷል። ለኪዳን ልነሳ አላርም ሞልቼ ተኝቻለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ዓይኔ ፍጥጥ አለ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ሽንት ቤት ስወጣ፣ ከግቢው ጥግ ካለችው ሰርቪስ ቤት የሕፃን ድምፅ ሰማሁ። አዲስ ተከራዮች ናቸው፤ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጥንም። ድምፁ እንደ ድመት ግልገል ሲጥ አለ፣ ከዚያ ዝም። የስልኬን መብራት ወደ በሩ ሳበራ ብርድ እንዳይገባ ከሥሩ ጨርቅ ተጎስጉሷል።

ያን ጨርቅ አውቀዋለሁ። የወንድሜም በር ሥር ነበር።

በጡጫ ደበደብኩ። መልስ የለም። «እመብርሃን ድረሽ!» ብዬ ስጮህ የግቢው ጥበቃ አባባ እየሮጡ መጡ። የሰው በር እንዴት ይሰበራል አላሉም፤ ትከሻቸውን ሰጡት፣ መቀርቀሪያው ተነቀለ። አባባ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ! ትንፋሼን ይዤ ገብቼ መስኮቱን በረገድኩት። ማንደጃው ላይ ከሰሉ አመድ ለብሶ ውስጡ ቀይ ነው። ጭስ የለም። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ አደጋው ያለፈ ይመስላል፣ የሚገድለው ጋዝ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። ባልየው በሩ አጠገብ ወድቋል፣ ሊከፍት ሞክሮ ጉልበቱ ከድቶት ነው። ሕፃኗን ለአባባ አቀበልኩና እናቷን በብብቷ ይዤ ጎተትኳት። ከዚያ ባልየውን ተጋግዘን አወጣነው። ጭቃው ላይ፣ ዝናብ እየወረደባቸው፣ አስተኛናቸው።

ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አንዷ ወተት ይዛ መጣች። በደግነቷ ነው፣ ግን ራሱን ለሳተ ሰው አፉ ውስጥ ምንም አይደረግም፣ ትን ይለዋል። ወተቱን አስቀምጣ በጎናቸው እንድናስተኛቸው አገዘችኝ፣ ተባረኪ። ወጣቶቹ ቀይ መስቀል ጋ 907 ሲደውሉ የሰፈራችን ባለ ላዳ ሞተሩን አስነስቶ «አስገቧቸው!» አለ። ሳንቲም አልተቀበለም። እግዚአብሔር ልጆችህን ይጠብቅልህ ወንድሜ።

ላዳው ውስጥ ሕፃኗን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ለዓመታት ያልጸለየው አፌ «እነሆ፥ እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋምም» ይል ጀመር። እኔ አስቤው አይደለም። ትንፋሿ እየራቀ እየራቀ ሄደና ድንገት ሳለች፣ ከዚያ ቁጣ በቁጣ ሆና አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ሆስፒታል ሦስቱንም ኦክስጅን ሰኩላቸው። ጠዋት እናቷ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ «ልጄስ?» አለች። ቀጥላ እኔን አየችና «አንቺ ማነሽ?»

«ጎረቤትሽ ነኝ» አልኳት።

የወንድሜ ነገር አሁንም ያመኛል። እሱ ለምን እንዳልተረፈ እግዚአብሔር አልነገረኝም፣ እኔም መጠየቄን አልተውኩም። አሁን ግን ቤቱ ገብቼ፣ ፊቱ ቆሜ ነው የምጠይቀው። ባልና ሕፃኗ ደህና ናቸው፣ ተመስገን። እናቷን ግን ራስ ምታቱ እስካሁን አልተዋትም፤ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።