«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

ፋርማሲ ካውንተር ላይ በቆምኩባቸው ዓመታት ይቺን ጥያቄ ሳልጠይቅ ያሳለፍኩት ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችንም መጀመሪያ የማስይዛቸው እሷኑ ነው። በተለይ የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት ሲሆን ፍሉኮናዞል ከደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ጋር ደም ያፈሳል፣ ኢትራኮናዞል ከኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲን ጋር ጭራሽ አይሞከርም እያልኩ አደርቃቸዋለሁ።

አንድ ጠዋት ታዲያ ገና ከመግባቴ ኢትራኮናዞሌን ሁለት ፍሬ በውሃ ልውጥ ስል አንዷ ተማሪ አየችኝ። የእግሬን አውራ ጣት ጥፍር ፈንገስ ይዞት ጠዋት 200 ማታ 200 ሚሊግራም፣ በወር አንድ ሳምንት እየወሰድኩ ሁለተኛውን ዙር ልጨርስ ነው።

«ጋሼ ቁርስ በልተዋል?»

«ቆይቼ እበላለሁ።»

«ካፕሱል አይደል እንዴ?» በባዶ ሆድ የሚወሰደው ፈሳሹ ነው፣ ካፕሱሉ ምግብ እንደተበላ ወዲያው ነው፣ ያስተማርኳት ደግሞ እኔው።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒትስ አለ?»

«የለም።»

ዝም ብላ የተከፈተውን መሳቢያዬን አየች። ኦሜፕራዞሌ እዚያው ነው፣ በየጠዋቱ አንድ።

«ይሄስ?»

«እሱማ የጨጓራዬ ነው!»

ወይ ጉድ። ይቺን መልስ ከስንት ሰው አፍ ሰምቼ በሆዴ ስቄባታለሁ መሰላችሁ። ካፕሱሉ ለመሟሟት የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ አሲዱን በየጠዋቱ እያጠፋሁ ከላይ ውድ ካፕሱል እጨምርበታለሁ። ለውጥ አላየሁም ስል የእግር ጥፍር ተነቅሎ እስኪተካ ከዓመት በላይ ይፈጅ የለ፣ ትንሽ ነው የሚቀረው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

«የጉበት ምርመራ አሠርተዋል? ማን አዘዘልዎት?» ብላ ቀጠለች፣ እግዜር ይስጠው አንድ ደንበኛ ገባና ሳልመልስላት ቀረሁ።

በማግስቱ እንደሰው ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ ጥፍሬ ተፍቆ ላብራቶሪ ገባ፣ ጉበቴም ታየ፣ ከዚያ ተርቢናፊን በሚባል ሌላ የፈንገስ መድኃኒት፣ 250 ሚሊግራም በቀን አንዴ ለ12 ሳምንት ተቀየረልኝ፣ እሱ አሲድ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም።

ልምምዷን ስትጨርስ የግምገማ ፎርሟን የምሞላው እኔ ነበርኩ። ሁሉም ላይ 5 ሰጠኋት፣ «ታካሚን የማነጋገር ችሎታ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን እጄ 4 ጻፈ። ፎርሟን አየት አድርጋ «አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ጥፍርዎት እንዴት ሆነ?» ብላኝ ወጣች።