ሃርድቶፔን ኮርኒስ አለበስኳት፦ የቀነሰው ድምፅና ንቅንቅ ያላለው ድምፅ

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ። ላንድክሩዘር 78 ናት፣ እኛ ሀገር ሁሉም ሰው ሃርድቶፕ የሚላት፣ ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያይ አግዳሚ ወንበር ያላት፣ ፊልድ የወጣ ሰው ሁሉ ወገቡን የሰጣት መኪና። ሞተሯ 1ኤችዜድ ነው፣ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ፣ ቱርቦ የለውም፣ ቶሎ አይሞትም፣ ግን ይጮሃል። በጨረታ የተገዛች ስለሆነች የጣሪያዋ ልባስ እኔ ጋ ሳትደርስ በፊት ተቀዳዶ ተነቅሏል፣ ቀና ስትሉ የሚታየው ነጭ ላሜራና ማገሩ ብቻ ነው። ዝናብ ሲመጣ ከበሮ ውስጥ የተቀመጣችሁ ነው የሚመስላችሁ፣ በረዶ ከሆነማ ወሬም ስልክም አይታሰብም። ደረቅ አስፋልት ላይም ቢሆን ከ80 በላይ ከተነዳች ከኋላ ያለው ሰው የሚለውን ለመስማት አንገት ማዞር ግድ ነው፣ ሹፌር ደግሞ አንገቱን እያዞረ መንዳት የለበትም።

ስለዚህ ኮርኒስ ላሰራ አልኩ። ግን ብር ከማውጣቴ በፊት የሚያስቸግረኝ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ፈለግኩ፣ ምክንያቱም "ድምፅ" ብለን በአንድ እንጠራዋለን እንጂ የሞተር አለ፣ የካምቢዮ አለ፣ የጎማ አለ፣ የነፋስ አለ፣ የላላ ብሎን አለ፣ የጣሪያው የራሱ አለ፣ የሁሉም መድኃኒት ደግሞ ለየቅል ነው። ባዶ፣ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በ80 እየሄድኩ ፎሌ አደረግኳት፣ ማለትም ከማርሽ አወጣኋት (ሞተሩን ግን እንዳታጠፉ፣ ፍሬንም መሪም ይከብዳችኋል)። ወዲያው የወረደው የሞተሩ ነው፣ የቀረው የጎማና የነፋስ። ከዛ ጣሪያዋ ላይ ያለውን ፖርቶባጋሎ አስወርጄ ያንኑ መንገድ ደገምኩት፣ ባዶ ፖርቶባጋሎ በነፋስ እንደዛ ያፏጫል ብዬ አልገመትኩም ነበር፣ ዕቃ የማትጭኑበት ከሆነ እመኑኝ አውርዱት፣ ምንም ወጪ የለውም። የበሮቹን ክፍተት ደግሞ ከሹፌሩ በር በስተቀር በውጪ በኩል በናስትሮ አሸግኩት፤ ሲታሸግ ድምፁ ከቀነሰ የበሩ ጎማ አልቋል ማለት ነው። ናስትሮ መለጣጠፍ የሰለቸው ሰው ወረቀት በሩ መሃል አድርጎ ይዝጋና ይሳበው፣ ዝም ብሎ ሾልኮ ከወጣ እዛ ቦታ ላይ ጎማው አይጨብጥም። የኔ የኋላ በሮች ሁለቱም ወረቀቱን እንደ ልብ ይለቁት ነበር። ጎማቸው ተቀየረ፣ የአግዳሚ ወንበሮቹ ብሎኖችም ከሥራቸው የጎማ ዋሸር ገብቶላቸው ተጠበቁ። እዚህ ድረስ ኮርኒስ የሚባል ነገር አልተነካም፣ ግን ኮሮኮንች ላይ የነበረው ግጭግጭታ ግማሹ ሄዷል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ፣ አትሽሹ። ባለ 6 ሲሊንደር ፎር ስትሮክ ሞተር አንድ ጊዜ ሲዞር 3 ጊዜ ያቀጣጥላል። በ2400 ዙር ስትነዱ በሰከንድ 40 ዙር ነው፣ በ3 ሲባዛ 120። ስለዚህ ጆሯችሁን የሚያደነዝዘው ያ "ውውውው" የሚለው ነገር 120 ኸርዝ አካባቢ ነው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ይጓዛል፣ ለ120 ሲካፈል የአንዱ ሞገድ ርዝመት 3 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ድምፅ የሚውጥ ነገር (ስፖንጅ በሉት ፋይበር በሉት ሱፍ) በደንብ የሚሠራው ውፍረቱ ወደ ሞገዱ ሩብ ሲጠጋ ነው፣ የዚህ ሩቡ ከ70 ሳንቲ በላይ። እኔ ከማገሩ ጋር ተደምሮ ያለኝ ቦታ 3 ሳንቲ ነው፣ 70 ሳንቲ ብለጥፍ እኔ ራሴ የምቀመጠው ኮፈኑ ላይ ነው። በሌላ በኩል የሰው ንግግር ውስጥ ቃል ከቃል እንድንለይ የሚረዱን እነ "ስ" እና "ሽ" እና "ት" በብዛት ከ2000 ኸርዝ ወደ ላይ ናቸው፣ ሞገዳቸው 17 ሳንቲና ከዛ በታች ስለሆነ 3 ሳንቲ ወደ ሩባቸው ይጠጋል። እንግዲህ "ኮርኒስ ካሰራህ ሞተሩ ጸጥ ይላል" የሚላችሁ ባለሙያ ካለ ወይ አያውቅም ወይ ሊሸጥላችሁ ነው። ኮርኒስ የዝናቡን፣ የጣሪያውን የራሱን ንዝረትና ላሜራ ላይ እየነጠረ የሚመለሰውን ድምፅ ነው የሚይዘው፣ ሙቀት መቀነሱ ደግሞ ምርቃት ነው።

ሥራው ላሜራው ላይ ጀመረ። እነዚህ መኪኖች የጣሪያቸው የውሃ መውረጃ ጠርዝ ዝገት ይወዳል፣ ስለዚህ ምንም ከመለጠፉ በፊት በጎማ ቱቦ ውሃ እያስለቀቅኩ ውስጥ ሆኜ አየሁ፣ በአንድ ጥግ ትገባ ነበር፣ እሱ ተደፈነ፣ የዛገው በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀና አንቲረስት ተቀባ። ይሄን የዘለለ ሰው ከዓመት በኋላ ኮርኒሱን አንስቶ የሚያገኘው ወንፊት ነው። ከዛ በአልኮል በደንብ ማጽዳት፣ አቧራና ቅባት ካለ የሚይዝ ማጣበቂያ የለም።

ቀጥሎ የላሜራውን ንዝረት የሚገድል ነገር። ገበያ ስጠይቅ የተሰጠኝ ለቤት ሰገነት ውሃ መከላከያ የሚነጠፈው ጥቅል ሬንጅ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ንዝረትም ይቀንሳል፣ ግን ሬንጅ ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል ይሸታል፣ ጣሪያ ላይ ደግሞ ተገልብጦ ነው የሚለጠፈው፣ እኔ ደግሞ አዋሽን ተሻግሬ ሚሌና ሰመራ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ጭንቅላቴ ላይ ቢወርድብኝስ? ተውኩት። የፈለግኩት ቢውታይል የሚባለውን ተለጣፊ የጎማ ንጣፍ፣ 2 ሚሊ ሆኖ ፊቱ አሉሚኒየም የሆነውን ነው። የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ስትመጣ አመጣችልኝ። ይከብዳል፣ አንድ ካሬ ወደ 3 ኪሎ ነው፣ የ23 ኪሎ ሻንጣ ላይ ይሄን ለምኑ ሲባል የዘመድ ፊት ይጠቁራል። ግን እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም። ሥራው ላሜራው እንዳይርገበገብ መያዝ እንጂ ድምፅ መዝጋት አይደለም፣ በሁለት ማገር መሃል ያለውን ላሜራ መሃሉን ሩብ ወይ ሲሶውን ከያዛችሁት ይበቃዋል። የኔ ጣሪያ 4 ካሬ አካባቢ ስለሆነ 2 ካሬ ሳይሞላ ሥራው አለቀልኝ። የት እንደምትለጥፉ ጣታችሁን አጥፋችሁ ማንኳኳት ነው፣ "ቧ" የሚለው ቦታ ይፈልጋል፣ ከለጠፋችሁ በኋላ ያው ቦታ "ድፍ" ካለ አበቃ። ፀሐይ ላይ አሙቁትና በሮለር አጥብቃችሁ ግፉት፣ ሥሩ አየር ከቀረ ይነሳል።

ቀጥሎ የሚውጠው ነገር። ተራ ስፖንጅ አልፈለግኩም፣ ውሃ ይጠጣል፣ በሙቀት ሲያረጅ ይበናል (የድሮ አውቶሞቢል ኮርኒስ ጨርቁ ተንጠልጥሎ ጭንቅላት የሚነካው እኮ ከኋላው ያለው ቀጭን ስፖንጅ በኖ ነው)፣ እሳት ሲነካው ደግሞ አያድርስ ነው። ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጭ ለምናችሁ ከመኪና ራቅ ብላችሁ ላይተር አስነኩት። ለፊተኛው ግማሽ ፖሊስተር ፋይበር መርካቶ አገኘሁ። ስለ ኋላው ሳወራ እናቴ ሰምታ "ሱፍ ከሆነ የፈለግከው ያ የመንዝ ባና ቁምሳጥን ሞልቶ የለም እንዴ ልጄ፣ ማንም አይለብሰው" አለችኝ፣ ሳስበው ደግሞ እውነቷን ነው፣ የበግ ሱፍ ድምፅ ይውጣል፣ ነበልባል ቶሎ አይይዘውም። ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ የብል መድኃኒት ነፍቼበት፣ ሁለት እጥፍ አድርጌ ከኋላ ወንበሮቹ በላይ ገባ። በጆሮ ከፋይበሩ ጋር ልዩነት የለውም። እርጥበት ሲነካው ግን በግ በግ ይሸታል፣ አልዋሽም።

ከሥር የሚታየው ልባስ ላይ ከባለ ታፒሴሪው ጋር ትንሽ ተከራከርን። ትልቅ ሰው ናቸው፣ እጃቸው ላይ የማላውቀው ሙያ አለ፣ እሳቸው ኮምፔርሳቶ አድርገን ከላዩ ሌዘር እንወጥርበት፣ ለመወልወል ይመቻል አሉ። ልክ ናቸው ይመቻል፣ ግን ድምፅ ሌዘርና እንጨት ላይ ነጥሮ ይመለሳል እንጂ ከኋላ ወዳለው ሱፍ አይደርስም፣ ስለዚህ ያ ሁሉ ሱፍ በከንቱ ነው። "ጋሼ፣ ኮምፔርሳቶውን መሃሉን በመስኮት በመስኮት ይክፈቱልኝና ፍሬሙን ብቻ ያስቀሩልኝ" ስላቸው "ሰው ኮርኒስ ሲያሰራ ይደፍናል እንጂ ይበሳል እንዴ አንተ ልጅ?" ብለው ሳቁብኝ፣ ግን ሠሩት፣ ጨርቁ እንዳይረግብ መስኮቶቹን ጠበብ አድርገው በቀጭን ሽቦ መስቀለኛ አሰሩበት፣ እሱን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ጨርቅ ስትመርጡ አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እፍ በሉበት፣ ትንፋሽ ካሳለፈ ድምፅም ያሳልፋል። ማስቲሹ ላይም አደራ፣ ተራው ማስቲሽ ፀሐይ ላይ የቆመ ጣሪያ ሙቀት አይችልም፣ ሙቀት የሚቋቋም የሚባል አለ እሱን ጠይቁ፣ በሁለቱም በኩል ተቀብቶ ጣት ሲነካው እስከማይከተል ይጠበቅና ነው የሚገጠመው፣ በሮች ክፍት፣ ሲጋራ የለም።

በሦስት ክፍል ሆኖ ነው የተሠራው፣ የፊት፣ የመሃል፣ የኋላ፣ ማገሩ ላይ በፊት በነበሩት ቀዳዳዎች በአጭር ብሎን ታስሯል። ረጅም ብሎን ከገባ በውጪ በኩል ላሜራውን ይበሳዋል፣ ተጠንቀቁ። ተለጣፊ ሳይሆን የሚፈታ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፣ ዝገት ለማየትም የመብራት ገመድ ለመንካትም አንዱን ክፍል ማውረድ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ይሄን ሁሉ የምለው ጣሪያው ጎን ላይ ኤርባግ ለሌለው መኪና ነው። አዳዲሶቹ ኤስዩቪዎች ከበሩ በላይ ኮርኒሱ ሥር መጋረጃ ኤርባግ አላቸው፣ እሱን ቦታ በገዛ እጃችሁ አትነካኩት።

ውጤቱስ? ዝናቡ ሌላ ነገር ሆነ፣ ይሰማል ግን ሩቅ ነው። ከኋላ ያለው ሰው ጋር በ80 ሳልጮህ አወራለሁ። ሰመራ ፀሐይ ላይ ቆማ ውላ ስገባ ጭንቅላቴ ላይ የሚነድ የነበረው ነገር በጣም ቀንሷል። ስልኬ ላይ ባለው የድምፅ መለኪያ ግን ልዩነቱ በ3 ዲሲቤል አካባቢ ነው፣ መጀመሪያ ሳየው ገንዘቤ ውሃ በላው ብዬ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፣ 3 ዲሲቤል ማለት የድምፁ ኃይል በግማሽ ወረደ ማለት ቢሆንም ለጆሮ ግማሽ የሚመስለው 10 ሲወርድ ነው። ከዛ በላይ ደግሞ ቁጥሩ የድምፅ ብዛት እንጂ ንግግር መለየት አለመለየታችሁን አይነግራችሁም። ሌላም አለ፣ አብዛኛው መለኪያ ዲቢኤ በሚባለው ነው የሚያሳየው፣ እሱ ወፍራም ድምፅን አሳንሶ ነው የሚቆጥረው፣ 120 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ወደ 16 ዲሲቤል ይቀንስለታል። ስለዚህ ያ የሞተር "ውውው" ቢበዛም ቢያንስም ቁጥሩ ብዙም አይነቃነቅም፣ ሰውነታችሁ ግን ያውቀዋል፣ ማታ ላይ ድካሙ ይመጣል።

እሱ "ውውው" ደግሞ በኮርኒሱ ንቅንቅ አላለም፣ ሒሳቡ እንዳለው። የቀነሰው በኋላ ነው፣ የማርሽ ዘንጉ ሥር ያለው ጎማ ተቀዶ ስለነበር ሲቀየር፣ ከሞተር ወደ ውስጥ ገመድ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች በጎማ ሲደፈኑ፣ ከዛ የተረፈው ቢውታይል እግር ማሳረፊያው ላሜራ ላይ ሲለጠፍ። ጉድ የሚያሰኘው ለማርሹ ጎማ ያወጣሁት ብር ኮርኒሱ ከፈጀው ጋር ሲነጻጸር የሻይ ነው። የእናንተ ችግር ሞተር ከሆነ ከወለሉና ከሞተሩ ግድግዳ ጀምሩ፣ ዝናብና ሙቀትና የማይሰማ ወሬ ከሆነ ጣሪያውን ሥሩ። ወለሉ ላይ ግን ሱፍና ፋይበር እንዳታነጥፉ፣ የጫማ ጭቃና የፈሰሰ ውሃ ገብቶ አይወጣም፣ እዛ ውሃ የማይጠጣ ፎም ነው የሚሆነው።

ጨርቁን ነጣ ያለ ግራጫ ነው ያደረግኩት፣ ውስጡ ብርሃን እንዲኖረው ብዬ። የአፋር አቧራ ቡና ዓይነት እያደረገው ነው፣ በውሃ ሳይሆን በቫኪዩም ብቻ ነው የማጸዳው ምክንያቱም ውሃው ሱፉ ጋ ይደርሳል። ጥቁር ግራጫ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ።