ድብ ባለበት ጫካ ትንሽ ሽጉጥ

ኢትዮጵያ ውስጥ ድብ የለም። የአፍሪካ የመጨረሻው ድብ፣ በሰሜን አፍሪካ ተራሮች ይኖር የነበረው የአትላስ ድብ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ዘሩ ጠፍቷል። ጥያቄው ግን ጅማም ይደርሳል። ሞንታና ወይም አላስካ የገባ የአጎት ልጅ በእረፍት ቀኑ ተራራ መውጣት ይጀምርና «ቀለል ያለች፣ ኪስ የምትገባ ሽጉጥ የትኛዋን ልግዛ?» ብሎ ይጽፋል። እዚህም በለጠ ደን ሊገባ የተዘጋጀ ወጣት ጅብና ነብር ፈርቶ ያንኑ ይጠይቃል። ለሁለቱም መልሱ ከሽጉጡ ስም አይጀምርም፤ ችግሩ ያለው ኪስ መግባቷ ላይ ነው።

መጀመሪያ አውሬው ይለይ። ኮሎራዶ የሚኖር ሰው የሚያገኘው ጥቁር ድብ ነው። ሞንታናና ዋዮሚንግ ላይ ጥቁሩም ቡናማውም (ግሪዝሊ የሚሉት) አለ። አላስካ ደግሞ በሰሜን ጠረፉ ነጩን ይጨምራል። ቀለም ያሳስታል፤ ጥቁር ድብ የሚባለው ቡናማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ግሪዝሊ እንደ በሬ ሻኛ አለው፤ ጆሮው አጭር፣ ፊቱ ከጎን ሲታይ ጎድጎድ ያለ ነው። ይህን መለየት የሚጠቅመው ከጥይት ምርጫ ይልቅ ለአድራጎት ነው። ግሪዝሊ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቃው ሲደነግጥ፣ ግልገሉን ወይም የበላውን ሬሳ ሲከላከል ነው። ስለዚህ ሰው ላይ ከደረሰ በሆድ ተኝቶ፣ እግርን ከፈት አድርጎ፣ ማጅራትን በሁለት እጅ ሸፍኖ፣ የጀርባ ቦርሳውን ሳያወልቁ ዝም ማለት ይመከራል። ጥቁር ድብ ካጠቃ ግን ዝም አይባልም፤ በተገኘው ነገር ፊቱን መምታት ነው። ከሁለቱም መሮጥ ከንቱ ነው። ድብ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሮጣል፤ 20 ሜትር ላይ ከቁጥቋጦ ብቅ ካለ እናንተ ዘንድ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ይበቃዋል።

የሽጉጥ ምርጫ ሁሉ የሚመዘነው በዚያች አንድ ሰከንድ ተኩል ነው።

እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ማካሮቭ ነው፤ 8 ጥይት ይጎርሳል፣ ጉልበቱ 300 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። የተለመደው 9 ሚሊ ሜትር (9 በ19) ጥይት ወደ 500 ጁል ይጠጋል። .357 ማግነም 700 እና 800 ጁል ውስጥ ነው። ጠንከር ያለ 10 ሚሊ ሜትር አውቶ 900 አካባቢ፣ .44 ማግነም ከአጭር አፈሙዝ እንኳ ሺህ ያልፋል። ለማነጻጸር ያህል፣ የፓርክ ስካውት ትከሻ ላይ ያለው ክላሽ 2000 ጁል ገደማ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ትልቁ ሽጉጥ እንኳ የክላሽን ግማሽ ያህል ነው ማለት ነው። «ድብ የሚጥል ሽጉጥ» እያለ የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ቁጥር አስታውሱት።

ሽጉጥ ባነሰ ቁጥር የሚጠፋው ግን ጉልበት ብቻ አይደለም። አፈሙዙ ሲያጥር ባሩዱ ሳይቃጠል ይወጣል፤ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ብልጭታውና ጩኸቱ ይጨምራል። እጀታው ሲያጥር ትንሿ ጣት መያዣ ታጣለች፣ ርግጫውም እጅን ወደ ላይ ይዞ ይሄዳል፤ ሁለተኛዋ ጥይት ትዘገያለች። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት ሲያጥር ትንሽ የእጅ ስህተት ብዙ ያስታል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ ካዝና ባለው አውቶማቲክ ሽጉጥ ላይ የሚደርሰው ነው። የእጅ አንጓ ከላላ የላይኛው ተንሸራታች ብረት እስከ ጫፉ አይመለስም፤ ቀለሃው መውጫው ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል። ይህ የሚሆነው በተለይ ቀላልና ትንሽ ሽጉጥ ላይ፣ በድንጋጤ በአንድ እጅ ሲተኮስ ነው። ድብ ላዩ ላይ የወጣበት ሰው ደግሞ ሌላ አማራጭ የለውም፤ በአንድ እጅ ነው የሚተኩሰው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። የአውቶማቲክ ሽጉጥን አፍ የአውሬው አካል ላይ ገፍታችሁ ከደገናችሁት ተንሸራታቹ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ያኔ ቃታው ቢሳብም አይተኩስም። ሪቮልቨር፣ አባቶቻችን ስድስት ጎራሽ የሚሉት፣ ይህ ችግር የለበትም፤ ተደግፎም ይተኩሳል፣ የላላ አንጓም አያግደውም። የእሱ ጉድለት ሌላ ነው፤ አምስት ወይም ስድስት ጥይት ብቻ ነው፣ ቃታውም ከባድ ነው። በጣም ቀላል ተደርጎ የተሠራው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 329ፒዲ የሚባለው .44 ማግነም 710 ግራም ገደማ ነው። ለመሸከም ደስ ይላል፤ ለመተኮስ ግን ጥቂት ሰው ነው ከአንድ ሙሌት በላይ የሚችለው። ርግጫው ከመክበዱ የተነሣ ገና ያልተተኮሱትን አረሮች ከቀለሃቸው ወደ ፊት ሊስባቸው ይችላል፤ አረሩ ጥይቶቹን ከያዘው መሽከርከሪያ አልፎ ብቅ ካለ መሽከርከሪያው ይቆለፋል።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ግሪዝሊ ላለበት አገር ግሎክ 20 ከግሎክ 29 ይመረጣል። ሁለቱም 10 ሚሊ ሜትር ናቸው። 29 ትንሿ ናት፤ 10 ጥይት፣ 96 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ። 20 ደግሞ 15 ጥይትና 117 ሚሊ ሜትር አለው። ባዶ ሲሆኑ የክብደት ልዩነታቸው 100 ግራም አይሞላም፤ ለዚህች ታህል ሙሉ እጀታን መሸጥ አያዋጣም። ጥቁር ድብ ብቻ ላለበት ቦታ፣ በተለይ ከዚህ በፊት 9 ሚሊ ሜትር በደንብ ለለመደ ሰው፣ ግሎክ 19 ወይም እኩያው ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 አላስካ ውስጥ አንድ የአደን መሪ ቡናማ ድብ የጣለው በ9 ሚሊ ሜትር ነበር። ይህን ሰምቶ ግን «በቃ፣ በ9 ይሆናል» ማለት አይደለም። ሰውየው ዕድሜውን ድብ ዘንድ ያሳለፈ ነው፣ ጥይቱም ተራ አልነበረም።

የጥይቱ ነገር ከሽጉጡ በላይ ያከራክራል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ከተማ ውስጥ ለራስ መከላከያ የሚሸጠው ጫፉ ጎድጓዳ የሆነው አረር ሥጋ ሲነካ ይከፈትና ይሰፋል፣ ጠልቆም አይሄድም። ሰው ላይ የተፈለገው ያ ነው። ድብ ላይ ግን ወፍራም ስብ፣ ጡንቻና አጥንት አልፎ መግባት አለበት። ስለዚህ የሚያዘው ሳይሰፋ የሚዘልቅ፣ በጠንካራ የእርሳስ ቅይጥ የተቀረጸ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ አረር ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ የድሮዎቹ የግሎክ አፈሙዞች ውስጣቸው ባለ ብዙ ጎን ስለሆነ ፋብሪካው ያልተለበጠ እርሳስ እንዳይተኮስባቸው ያስጠነቅቃል። እርሳሱ ተለጥፎ ግፊቱን ይጨምራል። የተለበጠ ጠንካራ አረር መግዛት ወይም አፈሙዙን መቀየር ነው። የትኛውም ይሁን፣ ጫካ ይዛችሁ የምትገቡትን ጥይት ራሱን ቢያንስ 50 ያህል በዚያው ሽጉጥ ሳትተኩሱ አትመኑት። ውድ ነው፤ ግን ሽጉጡ ያንን ጥይት ሳይሰነቀርበት መጉረሱን የምታውቁት በዚህ ብቻ ነው።

አያያዙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የወገብ ማኅደር የጀርባ ቦርሳው ቀበቶ ሥር ይቀበራል፤ ቦርሳ ውስጥ ያለ ሽጉጥ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል። የደረት ማኅደር ነው የሚያዋጣው፤ ከቦርሳው ማንገቻ ጋር አይጣላም፣ ተቀምጦም ተኝቶም ይደረስበታል። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር መሆን አለበት። ዝናብና ላብ ብረት ያዝጋሉ፤ ማታ ማታ መጥረግና በስሱ ዘይት መቀባት ነው። ዘይት ማብዛትም ክፉ ነው፣ አቧራ ይሰበስባል።

ልምምዱ ቀላል መመዘኛ አለው። 7 ሜትር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ወረቀት፣ ከደረት ማኅደር መዞ የመጀመሪያዋን ከሁለት ሰከንድ በታች፣ ከዚያ አራት በተከታታይ። አራቱ ከክቡ ከወጡ ካሊበሩ (የጥይቱ መጠን) በዝቷል ማለት ነው፤ አንድ ደረጃ ውረዱ። ከዚያ በቀኝ እጅ ብቻ፣ ከዚያ በግራ ብቻ። የ10 ሚሊ ሜትር ስቶ ከሚሄድ የ9 ሚሊ ሜትር ቢመታ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ መጀመሪያ የሚገዛው ሽጉጥ አይደለም። የድብ ስፕሬይ ነው። ከበርበሬ የሚወጣው ካፕሳይሲንና ዘመዶቹ ከ1 እስከ 2 በመቶ ያሉበት፣ ቢያንስ 225 ግራም የሚይዝ ቆርቆሮ ነው፤ 7 ሜትርና ከዚያ በላይ ደመና ይረጫል። የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲው ቶም ስሚዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ጥናት አላስካ ውስጥ ከ1985 እስከ 2006 የተመዘገቡ 83 አጋጣሚዎችን መርምሮ ስፕሬይ ቡናማ ድብን 92 በመቶ ጊዜ እንዳቆመ አሳይቷል። በ2012 ደግሞ 269 የጦር መሣሪያ አጋጣሚዎችን አይተው ሽጉጥ 84፣ ጠመንጃ 76 በመቶ ሠራ ብለዋል፤ መሣሪያውን የተጠቀሙትና ያልተጠቀሙት ሰዎች የጉዳት መጠን ግን አልተለያየም። ሁለቱ ጥናቶች በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይደሉም፣ የተሰበሰቡትም በተለያየ መንገድ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ደመና ለመርጨት ጥሩ ተኳሽ መሆን አያስፈልግም። ድቡ 10 ሜትር ገደማ ሲደርስ ፊት ለፊቱ፣ ዝቅ አድርጎ መርጨት ነው። ነፋስ ወደ ራስ እንዳይመልሰው መጠንቀቅ፣ የማብቂያ ቀኑን ማየት፣ አውሮፕላን ላይ በየትኛውም ሻንጣ አለመጫን። ካሊፎርኒያ ያለው ዮሰማይት ፓርክ ስፕሬይ ጭራሽ አያስገባም።

ሕጉን ሳይጠይቁ መግዛት የበለጠ አደጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የገባ ግን የአደን ፈቃድን ከመሳሰሉ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር መሣሪያ መያዙ ራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው። ይህ ከአገር ያስባርራል። ከየካቲት 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሔራዊ ፓርኮች እንደየግዛቱ ሕግ መያዝ ተፈቅዷል፤ መተኮስ ግን በአብዛኛው ክልክል ነው። አላስካ ላይ ራስን ለማዳን ድብ የገደለ ሰው ቆዳውንና ራስ ቅሉን ለመንግሥት አስረክቦ በ15 ቀን ውስጥ ሪፖርት ማድረግ አለበት። ካናዳ ያላችሁ ሽጉጥን እርሱት፤ ስፕሬይ ያዙ።

አሁን ወደ ጅማ። እዚህ ጉዳዩ አጭር ነው፤ ሽጉጡን ተዉት። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝ ያስከስሳል፣ ለእግር ጉዞም ጥቅም የለውም። በለጠና ጌራ ደን ውስጥ የምታገኙት ጉሬዛ፣ ጦጣ፣ ዝንጀሮና የጫካ አሳማ ነው። ነብር አለ፣ ግን እናንተ ሳታዩት እሱ አይቷችሁ ይሄዳል። ዝንጀሮ የሚፈልገው ቦርሳ ውስጥ ያለውን ዳቦ ነው፤ እያየ አትብሉ። ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ የሚሄድ ሰው ግን ዝሆንና ጎሽ ያለበት ነውና ያለ ስካውት አይግባ። ለብቻው የተለየ አሮጌ ወንድ ጎሽ ከማንም የከፋ ነው፤ የትኛውም ሽጉጥ አያቆመውም። ነፋሱን ከፊት አድርጎ መሄድ፣ የሚወጡበትን ዛፍ በዓይን መያዝ ነው። ቦዬ ረግረግ አካባቢ ማምሻና ንጋት ላይ በጉማሬና በውሃው መሃል አትቁሙ።

ለጅብ ጠንካራ ባትሪ፣ ወፍራም ዱላና ሁለት ጓደኛ ይበቃሉ። አለመሮጥ፣ ጀርባ አለመስጠት፣ ብርሃኑን ዓይኑ ላይ ማቆየት፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ በዝግታ ወደ ኋላ መራቅ። ጥሬ ሥጋ ይዞ ማታ መንገድ አለመግባት። ገበሬው በቆሎውን ከዝንጀሮና ከአሳማ የሚጠብቀው ማማ ላይ ሆኖ በእሳትና በጩኸት ነው፤ መንገደኛም ከዚያ በላይ መሣሪያ አያስፈልገውም።

ጅማ ዙሪያ በእግር የሚጓዝ ሰው ከነብር ይልቅ ሊፈራው የሚገባው ውሻ ነው። ውሻም ጅብም ጦጣም ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ አጥብቆ አለማሰር፣ ቡናና ቅጠል አለመነስነስ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሄዶ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መጀመር ነው። ቁስሉ ትንሽ ናት ተብሎ ነገ አይባልም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።